ጥያቄና መልስ፦ ሴቶች ቦርድ ሲገቡ የስጋት ሪፖርት ይሻሻላል?

ኦዲተሯ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሴት የቦርድ አባላትና ኩባንያዎች ስለሚያወጡት የፋይናንስ ስጋት ሪፖርት ጠይቁኝ። የትኛውን አክሲዮን ልግዛ አትበሉኝ፣ ባንክ በስም ጠርቼም አልፈርድም።

ሳሚ፦ ሴቶች ሲገቡ ሪፖርቱ ይሻሻላል? አዎ ወይስ አይ?

ኦዲተሯ፦ እንዲህ አይጠየቅም። ብዙ ሴት ያለባቸው ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ ትልልቆቹ ናቸው፤ ተቆጣጣሪውም ባለሀብቱም ዓይኑን የጣለባቸው። እነሱ ድሮም የተሻለ ይጽፋሉ። አብረው ስለታዩ አንዱ ሌላውን አመጣ አይባልም።

ሄለን፦ ኖርዌይስ? እዚያ እኮ በሕግ ነው የገቡት።

ኦዲተሯ፦ ጥሩ። ሕጉ የወጣው በ2003 ነው (እንደ ፈረንጅ)። ትልልቅ የአክሲዮን ኩባንያዎች እስከ 2008 መጀመሪያ ከሁለቱም ፆታ 40 በመቶ ገደማ ካላሟሉ እስከ መፍረስ ይደርሱ ነበር። ወደው ስላላደረጉት ለተመራማሪ ይመቻል። ግን አንዳንዶቹ ሕጉ ወደማይነካው የግል ኩባንያነት ተቀየሩ፣ ስለዚህ ንጽጽሩ እዚያም ንጹሕ አይደለም።

ዮናስ፦ ኮታ ማለት ብቃት የሌለውን ማስገባት ነው።

ሄለን፦ በአጎት ልጅነት የገቡትን ወንዶች ብቃት ማን ፈተነ?

ዮናስ፦ እሱም ስህተት ነው፣ በስህተት ላይ ስህተት ለምን...

ኦዲተሯ፦ እናንተ ሁለታችሁ በውስጥ መስመር ተጨቃጨቁ።

ትዕግሥት፦ የአንድ ባንክ ባለአክሲዮን ነኝ። ሪፖርቱ ሲደርሰኝ ምን ልይ?

ኦዲተሯ፦ ይኼ ነው ጥያቄ! የቦርዱን ፎቶ ዝለይው። ሴቷ ያለችው የትኛው ኮሚቴ ውስጥ ነው? ኦዲት ወይም ሪስክ (የስጋት) ኮሚቴ ውስጥ ካልሆነች ሪፖርቱን ብዙውን ጊዜ የምታየው አልቆ ለፊርማ ሲቀርብ ነው። ቀጥሎ ከሒሳቡ ሥር ያሉትን ማብራሪያዎች ክፈቺ። ባንኮቻችን የሚከተሉት ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደንብ፣ አይ ኤፍ አር ኤስ 7፣ የብድር ስጋትን፣ የገበያ ስጋትንና ዕዳን በጊዜው ያለመክፈል ስጋትን በወሬ ሳይሆን በቁጥር አሳዩ ይላል። ብር ይህን ያህል ቢወርድ ትርፉ በስንት ይለወጣል የሚል ሠንጠረዥ ፈልጊ። የ2016ቱ ሪፖርት ደግሞ ምርጥ መፈተኛ ነው፦ ሒሳቡ የተዘጋው ሰኔ ላይ፣ ብር ለገበያ የተለቀቀው ሐምሌ 22። ከመዝጊያው በኋላ ስለመጣ የሰኔውን ቁጥር አይነካም፣ ግን ጉዳዩ ለባንኩ ከባድ ከሆነ ምን እንደተፈጠረና በገንዘብ ስንት እንደሚሆን፣ ወይም መገመት እንደማይቻል፣ መጻፍ ነበረበት። «ባንኩ ስጋቱን በጥንቃቄ ይከታተላል» ብሎ ካለፈ ካምናው ገልብጦ ለጥፏል ማለት ነው፣ አምስት ሴት ቦርድ ውስጥ ብትኖርም።

ቢኒ፦ እናት ባንክስ?

ኦዲተሯ፦ በሴቶች ጠንሳሽነት ተቋቋመ፣ በ2005 ሥራ ጀመረ። ሌላውን በስም አልፈርድም ብያለሁ።

ሳሚ፦ ስለዚህ ሴት የበዛበትን ባንክ ልግዛ?

ኦዲተሯ፦ ሳሚ! አብረው ስለታዩ አንዱ ሌላውን አመጣ አይባልም። ከላይ አንብብ።

ትዕግሥት፦ ከፈትኩት። የውጭ ምንዛሪው ላይ አንድ አንቀጽ አለ፣ ቁጥር የለውም።

ኦዲተሯ፦ እንግዲያው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ እጅሽን አውጪና የኦዲት ኮሚቴውን ሰብሳቢ ጠይቂ። ወንድም ይሁን ሴት።