ስለ ላጓርዲያ ጠይቁኝ (ስለ ኤርፖርቱ አይደለም)

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ስለ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ከ1934 እስከ 1945 የኒው ዮርክ ከንቲባ የነበረው ማለቴ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም፣ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ሰውየውን የወደድኩትም እሱም አስተርጓሚ ስለነበረ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዳቦ ስለሰረቀችው አሮጊት እንዳትጠይቁኝ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ዳቦ የሰረቀችውን አሮጊት 10 ዶላር ቀጥቶ ከኪሱ የከፈለላት እሱ ነው አይደል? ቴሌግራም ላይ አንብቤ አልቅሻለሁ።

መላሽ፦ ምን ብዬ ነበር? ከንቲባው ችሎት ላይ የመቀመጥ ሥልጣን ነበረው፣ ይሄ እውነት ነው። የአሮጊቷ ነገር ግን መዝገብ የለውም። ቀጥሎ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቤተሰቡ ከየት ነው የመጣው?

መላሽ፦ አባቱ አኪሌ ከደቡብ ጣልያን፣ ከቼሪኞላ የመጣ ሙዚቀኛ ነው። እናቱ አይሪን ያኔ በኦስትሪያ ሥር ከነበረችው ከትሪየስቴ የመጣች አይሁዳዊት ናት። እሱ ራሱ ኒው ዮርክ ነው የተወለደው፣ በ1882። አባቱ የአሜሪካ ጦር የሙዚቃ ጓድ መሪ ስለሆነ ልጅነቱን አሪዞና በጦር ሰፈር ነው ያሳለፈው።

ከሚኒያፖሊስ፦ እኔም ሆስፒታል አስተረጉማለሁ። እሱ የት ነበር ያስተረጎመው?

መላሽ፦ እግዜር ይስጥሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ኤሊስ አይላንድ ነው፣ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ስደተኛ የሚመረመርበት ደሴት፣ ከ1907 እስከ 1910። ግን ከዚያ በፊት ያለውን ሳታውቂ አይገባሽም። ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ፊዩሜ የሚባል ወደብ (የዛሬዋ ሪየካ፣ ክሮኤሺያ) ላይ የአሜሪካ ቆንስላ ሠራተኛ ነበር። ያኔ ስደተኛው ላሙን ሸጦ፣ መሬቱን ሸጦ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ ኒው ዮርክ ሲደርስ "ዓይንህ ትራኮማ አለበት" ተብሎ በመጣበት መርከብ ይመለስ ነበር። ላጓርዲያ ታዲያ ምርመራው እዚሁ፣ ሰው መርከብ ላይ ሳይወጣ ይደረግ ብሎ ድርቅ አለ። የመርከብ ኩባንያዎቹ ተናደዱ፣ አለቆቹም አልወደዱለትም። በኋላ ኒው ዮርክ ተመልሶ በዓመት 1,200 ዶላር እየተከፈለው ቀን ኤሊስ አይላንድ ያስተረጉማል፣ ማታ ሕግ ይማራል። ጣልያንኛ፣ ጀርመንኛ፣ ክሮኤሽኛ፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የሚናገሩትን ዪዲሽም ይችል ነበር። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ሰውዬው አምስት ደቂቃ ሙሉ ሆዱን ዘርግፎ ሲጨርስ ባለሥልጣኑ "እሺ፣ አዎ ነው አይደለም?" ይልሻል። ሦስት ዓመት ይሄን የሰማ ሰው ኮንግረስ ሲገባ ዝም አይልም። በ1924 የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓን ሰው በኮታ የሚያግደው ሕግ ሲመጣ አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ እሱ ነው።

ከሲያትል፦ ኤሊስ አይላንድ ላይ የሰውን ስም ይቀይሩ ነበር ይባላል።

መላሽ፦ አይ። መርከቡ ይዞት ከመጣው ዝርዝር ጋር እያመሳከሩ ነው የሚሠሩት። ብዙውን ጊዜ ስሙን የቀየረው በኋላ ራሱ ስደተኛው ነው።

ከናታንያ፦ እናቱ አይሁዳዊት ከሆነች በእኛ በአይሁዶች ሕግ እሱም አይሁድ ነው። ለምን አይነገርም?

መላሽ፦ ራሱ አልተናገረማ! በ1922 በኒው ዮርክ ለኮንግረስ ሲወዳደር ተፎካካሪው ሄንሪ ፍራንክ፣ እሱም አይሁድ ነው፣ "ላጓርዲያ አይሁድ ይጠላል" የሚል ወረቀት ለመራጩ በተነ። ሌላ ሰው ቢሆን "እናቴ እኮ" ብሎ ይገላገል ነበር። እሱ ግን በእናቱ መነገድ አልፈለገም። በዪዲሽ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ "ና፣ እንከራከር፣ ክርክሩ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዪዲሽ ይሁን" አለው። ፍራንክ ቋንቋውን አይችልም! ላጓርዲያ በ168 ድምፅ አሸነፈ። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ከዳላስ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ግን የጣልያን ልጅ አይደለም እንዴ? ፋሺስት ሲወረን የት ነበር?

መላሽ፦ ይሄን እየጠበቅኩ ነበር፣ አልሸሽም። ጥቅምት 1935 ወረራው ሲጀመር ሀርለም በሚባለው የኒው ዮርክ ሰፈር ጥቁሮችና ጣልያኖች ተጋጩ፣ ከተማው ተጨማሪ ፖሊስ አሰማራ። ታኅሣሥ ላይ ደሴ በቦምብ ተደበደበች፣ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ሆስፒታል ሳይቀር። በዚያው ወር ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ለጣልያን ቀይ መስቀል ገንዘብ የሚሰበሰብበት ትልቅ ስብሰባ ተደረገ። ከንቲባው ተገኝቷል።

ከዳላስ፦ በቃ! አከተመ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወንድሜ፣ የጣልያኖቹ ድምፅ እኮ ነው የሚያስመርጠው፣ ምን ያድርግ?

ከዳላስ፦ ይቅርበታ! የሀርለም ሰው ለእኛ ሲጮህ ድምፅ የለውም ነበር?

ከአዳማ፦ ጆን ሮቢንሰንን አትርሱ፣ ከቺካጎ መጥቶ ለጃንሆይ አውሮፕላን ያበረረው።

ከሲያትል፦ መላኩ በያንም ሀርለም ነበር እኮ፣ ለኢትዮጵያ የሚቆመውን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ1937 ያቋቋመው እዚያው ኒው ዮርክ ነው።

መላሽ፦ ስለ ሮቢንሰንና ስለ ዶክተር መላኩ ሌላ ቀን። ዳላስ፣ እኔም እዚህ ጋ አልከራከርለትም። በ1937 ሂትለርን በአደባባይ ሲሰድብ የጀርመን መንግሥት ለአሜሪካ አቤቱታ አቅርቧል። ሙሶሊኒ ላይ ግን ለዓመታት ምላሱ ታስሮ ነበር። የተፈታው አሜሪካና ጣልያን ጦርነት ከገቡ በኋላ ነው፤ ያኔ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ በጣልያንኛ እየተናገረ ሕዝቡ በሙሶሊኒ ላይ እንዲነሳ ይቀሰቅስ ነበር። ለእኛ ግን ዘግይቷል።

ከዱባይ፦ ስለ ሥራው ጠቅለል አድርገህ ንገረን።

መላሽ፦ የ12 ዓመት ከንቲባነት እንዴት ነው የሚጠቀለለው? የቱን? ቤቶቹን? ድልድዮቹን? ለይተህ ጠይቅ።

ከዱባይ፦ እሺ፣ በስሙ የተጠራውን ኤርፖርት።

መላሽ፦ አይ እናንተ። የላጓርዲያ ትኬት "ኒው ዮርክ" ይላል፣ አውሮፕላኑ ያረፈው ኒውርክ፣ ኒው ጀርዚ ነው። "ትኬቴ ላይ ያለው ቦታ አድርሱኝ" ብሎ አልወርድም አለ። ኤርፖርቱ በ1939 ተከፈተ። ቀጥሎ።

ከሲያትል፦ ለምን ፕሬዚዳንት አልሆነም?

መላሽ፦ አልተወዳደረም።

ከቶሮንቶ፦ አሁን ነው የገባሁት። የዳቦዋ ታሪክ እውነት ነው?

መላሽ፦ ወደ ላይ አንብብ ወንድሜ። ሁለተኛ ጊዜ ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦ በጦርነቱ አውሮፓ የቀረ ዘመድ ነበረው?

መላሽ፦ እህቱ ጄማ። ያገባችው የሀንጋሪ አይሁድ ነበር። ናዚዎች ያዟቸው፣ ባሏ ማውትሃውዘን በሚባል የናዚ ካምፕ ሞተ፣ እሷ ከራቨንስብሩክ ካምፕ በሕይወት ወጣች። ጦርነቱ ሲያበቃ በርሊን ላይ ባዶ እጇን ነበረች። በ1946 ወንድሟ ተፈናቃዮችን የሚረዳው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ኃላፊ ሆነ። አስቢው፣ አንድ ስልክ ቢደውል ይበቃ ነበር። ገንዘብ ላከላት፣ ወረቀቷን ግን እንደማንኛውም ተፈናቃይ ተራዋን ጠብቃ እንድትጨርስ አደረገ። በ1947 አሜሪካ ገባች። እሱ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በቆሽት ካንሰር ሞተ።

ከዳላስ፦ ይሄማ ጭካኔ ነው። የገዛ እህቱን!

ከሚኒያፖሊስ፦ እኔ ለእህቴ 9 ዓመት ጠብቄያለሁ። ምን እንደምል አላውቅም።

መላሽ፦ እኔ ብሆን እደውል ነበር። ነገ ጠዋት ችሎት አለኝ፣ የቀረውን ቅዳሜ።