የቡና ጎረቤትና የደም ግፊት

ጥያቄ፦ ፒያሳ የሚኖሩት እናቴ፣ የቡና ጎረቤቶቻቸው በ2016 ዓ.ም. ለልማት ተነሥተው ከተበተኑ ወዲህ የደም ግፊታቸው አልወርድ ብሏል። ብቸኝነት ያመጣው ይሆን?

መልስ፦ አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ክትትል ወቅት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በእናትዎ ቤት ደግሞ በረካው እየተቀዳ «ኪኒንሽን ዋጥሽ?» ብላ የምትጠይቅ ጎረቤት ሄዳለች፤ ይህን ክትትል ፋርማሲ አይሸጠውም። (ቡናው በጨው ከነበረ ግን ጨው መቅረቱ ይበጃል።) ስለዚህ የቀረውን ኪኒን ቆጥረው ይመልከቱ፤ ጤና ጣቢያ ወስደውም ያስለኳቸው። ዕድራቸው ካልፈረሰ በስብሰባው ቀን እርስዎ ራስዎ ያድርሷቸው።