ሁለቱ ካርታ አንድ እንዲመስል

ጥያቄ፦ በካርታ ምትሃት ጨዋታ ሁለት የመጫወቻ ካርታ እንደ አንድ አድርጌ መገልበጥ መስታወት ፊት ይሳካልኛል። ቡና ላይ ለጎረቤት ሳሳይ ግን ሁልጊዜ አንዱ «ሁለት ነው!» ይላል። እጄን ምን ያህል ላፍጥነው? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ጭራሽ አያፍጥኑት፤ የሚያስነቃብዎ ፍጥነቱ ሳይሆን አይቀርም። አንዱን ካርታ ዘና ብለው፣ ሁለቱን ትንፋሽ ይዘው ከገለበጡ ተመልካቹ ምን እንደሠሩ ባያውቅም መቼ እንደሠሩ ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠናው የአንዱ አገላበጥ ነው። አንድ ካርታ ሃያ ጊዜ ይገልብጡና እጅዎን ልብ ይበሉ፤ አውራ ጣት የት ያርፋል? ካርታው በየት ዞሮ ይወድቃል? ሁለቱም በዚያው መንገድ ይሂዱ።

አያያዙ እንዲህ ነው። የካርታው ክምር ግራ እጅ ላይ ይተኛ፤ ጠቋሚ ጣት በፊተኛው ጠርዝ፣ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች በቀኝ ጎን፣ አውራ ጣት ከላይ። በቀኝ አውራ ጣት ወደ እርስዎ ካለው ጠርዝ የላይኞቹን ሁለት ካርታዎች ብቻ ቀና ያድርጉና ከሥራቸው የግራ ትንሿን ጣት ሥጋ ያስገቡ። ጣቱ አይግባ፤ ሥጋው ብቻ ይቆንጠጥ። ክፍተቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ካለፈ ከጎን የተቀመጠ ሰው ያየዋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከመገልበጡ ቀደም ብሎ፣ ወሬ እያወሩና ሰው ሰው እያዩ ነው። ካርታው ላይ አቀርቅሮ ሁለት ለመቁጠር መታገል ጨዋታውን ከሌላ ስህተት ሁሉ በላይ ያበላሸዋል።

ሁለቱ ሲገለበጡ ከተሰነጠቁ ጣትዎ በኃይል እየጨመቀ ነው። ሲጨመቅ ካርታው ይጎብጣል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ማዕዘኑን በአውራና በመሃል ጣት ለስለስ አድርገው ይያዙ፤ ተገልብጠው ሲያርፉም ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ወጣ ይበሉ። ያኔ መልሶ ለመገልበጥ እንደገና ክፍተት አይፈለግም።

መስታወቱን ደግሞ ብዙ አይመኑት። የሚያሳየው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ሁለቱን ሲገለብጥ ልክ በዚያች ቅጽበት የራሱን ዓይን ይጨፍናል። ቡና ላይ ሰው ክብ ሠርቶ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ስልክዎን በግራ ጎንዎ፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚደርስበት ከፍታ አስደግፈው ይቅረጹ። ጉዱ የሚታየው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ እጄ ትንሽ ነው። ካርታ መዳፌ ውስጥ ስደብቅ ጫፉ ይወጣብኛል፣ በሙቀት ደግሞ ያልበኛል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ካርታ ሲገዙ ስፋቱን ይለኩ። ሰፊው 63 ሚሊ ሜትር፣ ጠባቡ 57 ነው፤ ቁመታቸው 88 ገደማ ነው። ለእርስዎ ጠባቡ ይሻላል። የሚደበቀው ካርታ በመዳፍ መሃል ሳይሆን በሁለት ማዕዘን ይያዛል፤ አንዱ ማዕዘን በትንሿ ጣት የላይኛ መገጣጠሚያ፣ በሰያፍ ትይዩ ያለው በአውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋ። ጣቶቹ ተጠጋግተው ትንሽ ይጉበጡ፤ በመሃላቸው ብርሃን ካለፈ ካርታው ይታያል። አውራ ጣት ተገትሮ መቆሙም ያጋልጣል። የደበቀው እጅ ባዶውን አይንጠልጠል፤ የቀረውን ካርታ ከላይ ይዞ ይቆይ።

ለላቡ እጅ ታጥቦ በደንብ መድረቅ ይበቃል። የሕፃን ፓውደር መጀመሪያ ያንሸራትታል፣ ቆይቶ ግን ከላብ ጋር ተጋግሮ ካርታውን ያጣብቃል። የወረቀት ካርታ እርጥበት ጠጥቶ ከጎበጠ ለድበቃ አይሆንም፣ ይቀይሩት። (ደሴ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ በብርድ የደረቀ ጣት ካርታውን አይዝም። የቡና ስኒ ይዞ ማሞቅ ነው።)

ጥያቄ፦ «ድገመው» ሲሉኝ ምን ላድርግ? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ በዚያው ዘዴ አይድገሙ፤ ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚያየው ፊትዎን ሳይሆን ጣትዎን ነው። የካርታ ምትሃተኛው ዳይ ቨርነን በ1922 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ፣ ማንኛውንም ጨዋታ ሦስት ጊዜ ካየሁ ምስጢሩን አውቃለሁ ይል የነበረውን ዝነኛ ምትሃተኛ ሁዲኒን ያሸነፈው ከክምሩ መሃል የገባች ካርታ አናት ላይ በምትወጣበት ጨዋታ ነበር፤ ደጋግሞ አሳይቶትም አልተነቃበትም። እኛ ግን ቨርነን አይደለንም። መጀመሪያ ካርታዋን በሁለቱ ካርታ አገላበጥ ካወጧት፣ ቀጥሎ በውሸት ብወዛ (የበወዙ መስለው ካርታዋን ቦታዋ ላይ በማቆየት) ያውጧት፤ ሦስተኛ «ድገመው» ሲመጣ ካርታውን በሙሉ በእውነት በውዘው ለጠያቂው ይስጡት። ቢቆጥር ቢቆጥር 52 ካርታ ነው የሚያገኘው።