የመስቀል ወፍ በጥር ወዴት ትሄዳለች?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ሲሆኑ፣ በመናፈሻና በሰፈር ዙሪያ በእግር እየተዘዋወሩ ወፎችን ስለ መመልከት የሚያነሡ ናቸው። ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸውን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርገናል፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሐኪም በእግር እንድንቀሳቀስ ስላዘዘኝ፣ በየማለዳው እዚህ ደሴ በሰፈራችን አቅራቢያ ባለው መናፈሻ እዞራለሁ። በመስከረም ሣሩ ውስጥ ጥቁርና ቢጫ የሆነችውን፣ እኛ የመስቀል ወፍ የምንላትን፣ ዕለት ዕለት አያት ነበር። ኅዳር ካለቀ በኋላ ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት። ከልጅነቴ ጀምሮ በዓሉ ሲያልፍ ወደ ሌላ አገር ትሄዳለች ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ትሄዳለች? የምትሄድ ከሆነስ ወዴት ነው? (ጡረተኛ መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ወፊቱ የትም አልሄደችም። በጥርም ሆነ በየካቲት እርስዎ ከሚዞሩበት ሣር ብዙም ሳትርቅ ትውላለች፤ የተለወጠው ላባዋ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ሕዝባችን የመስቀል ወፍ የሚለው አንድ የወፍ ዓይነት ብቻ አለመሆኑ ነው። በክረምቱ ማብቂያ ላይ የሚያጌጡ ጥቂት የወፍ ዓይነቶች በየአካባቢው በዚሁ ስም ይጠራሉ። እርስዎ የገለጹት ጥቁርና ቢጫው የደጋው ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ወረድ ሲባል ደግሞ እሳት የመሰለ ቀይ፣ ፊቱና ሆዱ ጥቁር የሆነ ዘመዱ ይገኛል። ከአካላቸው የሚረዝም ጥቁር ጅራት የሚያወጡም አሉ። በሁሉም ዘንድ የሚያጌጠው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ድንቢጥ የምትመስል፣ ቡናማና ዥንጉርጉር ወፍ ናት፤ ወንዱም ከመራቢያው ወቅት ውጭ ያለውን ጊዜ የሚያሳልፈው የእሷን የሚመስል ላባ ለብሶ ነው። ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ማደግ ሲጀምር በሰውነቱ ውስጥ የሚመነጩ ሆርሞኖች አሮጌውን ላባ አራግፎ ጌጠኛውን እንዲያበቅል ያደርጉታል፤ የመራቢያው ጊዜ ሲያበቃም ያንኑ መልሶ ያራግፈዋል። ወቅቱን የሚወስነው በዓሉ ሳይሆን ሣሩ ነው፤ ጎጆው የሚሠራው በረጃጅም ሣር መካከል በመሆኑና ጫጩቶቹም የሚያድጉት ነፍሳትና የሣር ፍሬ በሞላበት ጊዜ በመሆኑ፣ ወንዱ ሴቶችን ለመሳብ ከሣር ጫፍ ወደ ሣር ጫፍ እየበረረ የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ከአደይ አበባ ጋር ያቀጣጠረው ያው ዝናብ ነው። ዓመት ጠብቆ ብቅ የሚልን ሰው የመስቀል ወፍ ማለታችን ለሰውየው ይስማማው ይሆናል፤ ወፉን ግን ይበድላል።

ይህን በዓይንዎ ማረጋገጥ ከፈለጉ፣ በጥር ወር በአውድማ ዳር ወይም በደረቀ ሣር ውስጥ ተሰብስበው የሚለቅሙ ቡናማ ወፎች ሲያጋጥሙዎት ድንቢጦች ናቸው ብለው አይለፏቸው። ቆም ይበሉና ራሳቸው እስኪነሡ ይጠብቁ። መንጋው ብር ሲል ከአንዳንዶቹ ጀርባ፣ ከጅራቱ ሥር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ደማቅ ቢጫ ብልጭ ይላል፤ የክንፉ ትከሻም ላይ እንዲሁ ቢጫ አለ። በመስከረም ያዩት ወንድ ያ ነው። ጥቁሩን ሁሉ ሲያራግፍ ይህን ቢጫ ግን ያስቀረዋል፤ ወፉ ሲያርፍ ክንፉ ስለሚሸፍነው ነው የማይታየው። የቆላው ቀይ ዘመዱ ግን እንዲህ ያለ ምልክት ስለማያስቀር፣ በበጋ ከሴቷ ለመለየት የለመደ ዓይንንም ያስቸግራል።

የሚሄዱና የሚመጡ ወፎችም በእርግጥ አሉ። የሰማኸው ሁሉ ተረት ነው እንዳይባል፣ የመስቀል ወፍ በሚያጌጥበት በዚያው ሰሞን ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት እንግዶች መድረስ ይጀምራሉ፤ ሁለቱ ነገሮች በሰው አእምሮ ተምታተው ሊሆን ይችላል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በመናፈሻው ሣር ላይ ወይም በቦርከና ዳር፣ ቀጭን ሆና ረጅም ጅራቷን ያለ ዕረፍት ወደ ላይና ወደ ታች እየወዘወዘች የምትሮጥ ወፍ ካዩ፣ ከእነዚህ እንግዶች አንዷን አይተው ሊሆን ይችላል። የምትመጣው ብርዱን ብቻ ፈርታ አይደለም፤ በሰሜኑ ክረምት የምትመገባቸው ነፍሳት ስለሚጠፉባት ነው። ከእነዚህ መካከል ቢጫ ሆድ ያላት ዓይነት መጥታ ስትከርም ፈዘዝ ያለች ናት፤ በመጋቢት ግን ለመመለስ ስትዘጋጅ አዲስ ላባ አብቅላ ትደምቃለች፤ ሚያዝያ ሲገባደድም አትገኝም።

ቀና ብለው ሰማዩንም ይመልከቱ። በጥቅምትና በኅዳር ከእስያ ሰፋፊ ሜዳዎች የሚነሡ ንስሮች በአስር ሺዎች ሆነው ጠባቡን የባብ ኤል መንደብ ባሕር ተሻግረው ወደ አፍሪካ ይገባሉ። እነዚህ ትላልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ከመሬት በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ እየተንሳፈፉ ነው የሚጓዙት፤ በሰፊ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኙ ጠባቡን መሻገሪያ ይመርጣሉ። ደሴ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ሰማዩን መቃኘት ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቦቼን ለመጠየቅ ደሴ እወጣለሁ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ የማያቸው ወፎች የሚለያዩት ለምንድን ነው? በተለይ ደሴ ላይ በማለዳ በቡድን እየጮኸ የሚያልፈው፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልመም ያለው ጥቁር ወፍ ኮምቦልቻ ላይ አያጋጥመኝም። (የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በመንገድ ርቀት ቅርብ ይሁኑ እንጂ፣ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በሐረጎ በኩል ሲወርዱ ጃኬት የሚያስወልቅዎት ይኸው የከፍታ ልዩነት ተክሉን ይለውጣል፤ ተክሉ ሲለወጥ ነፍሳቱና ፍሬው ይለወጣሉ፤ ወፉም ምግቡን ይከተላል።

የጠቀሱት ጯሂ ወፍ ጋጋኖ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች በስተቀር በሌላ የዓለም ክፍል አይኖርም። አገራችንን በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጎበኘው ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፐል ነው ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው። በቅርብ ለማየት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ በረጠበ አጭር ሣር ላይ በእርጋታ እየተራመደ ምንቃሩን እስከ ግማሹ መሬት ውስጥ እየሰካ ትላትል ይፈልጋል። ቀረብ ብለው ካዩት ዓይኑ ነጣ ያለ ነው፤ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ቁራጭ ሥጋ ተንጠልጥሎ ሲራመድ ይወዛወዛል። ሲበር ደግሞ በክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ይገለጣል። ሌላው የደጋው ልጅ አንገቱ ላይ ነጭ ሻሽ የጣለ የሚመስለው ርግብ ሲሆን፣ እሱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም፤ በገደልና በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በመንጋ ይሰፍራል።

ኮምቦልቻ የራሷ ሀብት አላት። በጓሮ ፓፓያና ዘይቱን ላይ በቡድን የሚንጠለጠሉትን፣ ቡናማ፣ ባለ ጉትዬና ረጅም ጅራት ወፎች ሳያውቋቸው አይቀሩም፤ ፍሬ ስለሚጎዱ ይረገማሉ እንጂ፣ እግራቸውን እስከ ትከሻቸው አንሥተው ቅርንጫፍ ላይ ሲንጠለጠሉ ማየት ያስቃል። በቦርከና ዳር ባሉ ትላልቅ ዛፎች ላይ ከአንድ ሜትር የሚሰፋ የጭራሮ ክምር ቢያዩ ጎርፍ ያመጣው አይምሰልዎት፤ አንድ መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ከኋላ ራሱ እንደ መዶሻ የሾለ ቡናማ ወፍ የሠራው፣ ጣሪያ ያለውና በሩ በጭቃ የተለሰነ ጎጆ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት አንድ የዕረፍት ቀን ካገኙ ደግሞ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ሐይቅ ይሂዱ፤ ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎች የሚከርሙበት ወቅት ነው።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ቁራ በዝቷል፤ ልጆቼ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም ይላሉ። ልክ ናቸው? (እናት፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ልጆችዎ ልክ ናቸው፤ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሊያዩ ይችላሉ። ደረቱ ነጭ የሆነው አንዱ ነው። ሁለተኛው ግዙፉ ቁራ ሲሆን፣ ምንቃሩ ከራሱ የሚከብድ እስኪመስል ወፍራምና ቆልማማ ነው፤ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ እሱም የእኛው የአፍሪካ ቀንድ ወፍ ነው። ሦስተኛው ሁለንተናው ጥቁር ሆኖ፣ ሲበር ጅራቱ የተቆረጠ እስኪመስል አጭር ነው፤ ይህን ከገደል አጠገብ ይፈልጉት።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በየሳምንቱ ወፍ ለማየት መውጣት ጀምረናል። ምን ዓይነት መነጽር እንግዛ? በስንት ሰዓትስ መውጣት ይሻላል? (ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ለመጀመሪያው ዓመት ምንም ባትገዙ እመርጣለሁ፤ መናፈሻ ውስጥ ያሉ ወፎች ሰው ስለለመዱ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ይቀርባሉ። የምትገዙ ከሆነ 8 በ42 የሚል ጽሑፍ ያለበትን አቅርቦ ማሳያ መነጽር ፈልጉ፤ 8 ማለት ስምንት ጊዜ ያቀርባል ማለት ሲሆን፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ 20 እና 30 የሆነው የተሻለ ይመስላል፤ ግን በእጅ ሲይዙት ምስሉ ስለሚንቀጠቀጥ ገንዘብ ማባከን ነው። በካምፕ፣ በኬላና በኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አካባቢ መነጽሩንም ካሜራውንም ከቦርሳ አታውጡ። ባለፉት ዓመታት ብዙ ባየ ሕዝብ መካከል፣ በመነጽር ሰፈር የሚቃኝ ወጣት ቢጠየቅ ሊገርመው አይገባም፤ ለአካባቢው ጥበቃ ወይም ለሽማግሌ አስቀድሞ ሰላምታ ሰጥቶ ዓላማን መናገር ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ይለያያል። በበጋ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ በታኅሣሥ ብርድ ግን ፀሐይ የዛፎቹን ምሥራቃዊ ጎን እስክትነካ ብትቆዩ አይጎዳችሁም፤ ወፎቹም ለመሞቅ የሚወጡት ወደዚያው ነው። በክረምት ደሴ በጉም ስለምትሸፈን በማለዳ የሚታይ የለም፤ ጉሙ ሲገለጥ ወይም ዝናብ ባባራ ቅጽበት ውጡ። ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ የማታውን ጉዞ አታዘግዩ። የበልጉን ዝናብም አትናቁት፤ ሲሰምር አንዳንድ ወፎች እንደገና ጎጆ ለመሥራት ይነሣሣሉ። ሜርሊን የተባለው ነጻ የስልክ መተግበሪያ የአካባቢውን መረጃ አንድ ጊዜ ከጫናችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወታችሁ ወፎቹን መጥራት ግን ተዉ፤ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ጥሎ የሚንከራተት ወፍ ይጎዳል። ወንጭፍ የያዙ ሕፃናት ሲያጋጥሟችሁ ከመቆጣት ይልቅ መነጽሩን አውሱአቸው።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ወጣቶች መናፈሻውን እንድናለማ ተፈቅዶልናል። አሁን ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ ወፍ እንዲበዛ ምን እንትከል? (የወጣቶች አስተባባሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ባሕር ዛፉን በአንድ ቀን አትቁረጡት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ዛፍ በመሆኑ ቅጠሉን የሚመገቡ ነፍሳት ጥቂት ናቸው፤ ከሥሩም ብዙ ቁጥቋጦ አይበቅልም፤ ስለዚህ ለአብዛኞቹ ወፎች ባዶ ጠረጴዛ ነው። ሆኖም ረጅሙ ጫፉ ለጭልፊትና ለቁራ ማደሪያ፣ አበባውም ማር ለሚቀስሙ ትናንሽ ወፎች ምግብ ስለሆነ፣ አገር በቀሉ እስኪደርስ ጥቂቱን ማቆየት ይበጃል።

ለደሴ ከፍታ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ይስማማሉ። የጥድ ፍሬ፣ ግንባሩ ቀይ የሆነው ትንሹ አረንጓዴ በቀቀን የሚወደው ነው፤ ይህም በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚኖር ነው። የወይራውን ፍሬ ዋኖሶች ይለቅሙታል። ኮምቦልቻ ላሉ አቻዎቻችሁ ዋርካና ሾላን እንመክራለን። በመናፈሻው አንድ ጥግ ደግሞ ሰፋ ያለ የሣር መደብ ከክረምቱ እስከ ኅዳር ሳይታጨድ እንዲቆይ ተስማሙ፤ ለበዓል የሚጎዘጎዘው ሣር ከሌላው ጥግ ይታጨድ፤ ጎጆው በሣር መካከል ያለ ወፍ ጫጩቶቹን እስኪያወጣ ጊዜ ያስፈልገዋል።

እነዚህ ዛፎች እስኪደርሱ ዓመታት ስለሚወስዱ፣ ቶሎ ለሚታይ ውጤት ሁለት ነገሮችን ጨምሩ። አንደኛው ራስ ክምር ነው፤ ዘሩን ከመንገድ ዳር መልቀም ይቻላል፤ አበባው ሲፈነዳ ረጅም ቀጭን ምንቃር ያላቸውና በፀሐይ የሚያብረቀርቁት ማር ቀሳሚዎች ከውስጡ አይጠፉም። ሁለተኛው ኮርች ነው። ቅርንጫፉን ቆርጦ በክረምት መሬት ውስጥ መትከል ብቻ በቂ ሲሆን፣ በበጋ ቅጠሉን አርግፎ በቀይ አበባ ይሸፈናል። ቁራጩ የክንድ ያህል ውፍረት ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ከብት እንዳይነቀንቀው ሐምሌ ሳያልቅ በእሾህ እጠሩት።