«አሉ» የምትል ቃል
ለወጣት የሕግ ተማሪዎች፣ ለወጣት አስተርጓሚዎችና አንድ ቀን ለምስክርነት ለምትጠሩ ሁሉ

በቶሮንቶ ፍርድ ቤቶች ማስተርጎም በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ቃል ዋጥኩ። ምስክሩ በጎልማሳነት ዕድሜ ላይ ያለ የታክሲ ሹፌር ነበር። ዓቃቤ ሕጓ ስለ አንድ የሌሊት ጠብ ስትጠይቀው «ቢላዋውን ያወጣው እሱ ነው አሉ» ብሎ መለሰ። እኔ በእንግሊዝኛ «ቢላዋውን ያወጣው እሱ ነው» ብዬ አለፍኩ። «አሉ» ከዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ በልማድ የተንጠለጠለች መስላኝ ነበር። ተከላካይ ጠበቃው ለመስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም የሌላውን ወገን ምስክር በጥያቄ ለመፈተን፣ ተነሣና «ቢላዋውን ሲያወጣ ከስንት ሜትር ርቀት ላይ ሆነህ አየህ?» አለው። ሹፌሩ ግራ ተጋብቶ «እኔማ መቼ ነበርኩ? አሉ ነው እኮ ያልኩት» አለ። ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የተመለከቱት እሱን አልነበረም፤ እኔን ነው።

ጥፋቴን ለችሎቱ ተናግሬ መዝገቡ ታረመ። ሹፌሩን ግን ለጥቂት ደቂቃዎችም ቢሆን ውሸታም አስመስዬዋለሁ። እሱ ያየውንና የሰማውን በአንዲት ቃል ለይቶ አስቀምጦ ነበር፤ የካናዳ የማስረጃ ሕግ ከምስክር የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

አያቴ በጎጃም «በላ ልበልሃ» ከሚሟገቱ አንደበተ ርቱዕ ሰዎች አንዱ እንደነበሩ ሲነገር ሰምቻለሁ። (ይህም ራሱ የስሚ ስሚ ነው፤ ችሎት ላይ አይዙልኝም።) በዚያ ዘመን ከብት ሲጠፋ አገሬው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደየቤቱ አይመለስም ነበር። ወፍ የነገረችውም ሆነ ጎረቤት ያንሾካሾከው ሁሉ ይሰማል። መንደሩ ተናጋሪውን ከነዘር ማንዘሩ ስለሚያውቀው የቃሉን ክብደት ለመመዘን አይቸገርም። እዚህ ግን ዳኛው ምስክሩን ያን ቀን ገና ማየቱ ነው። ስለዚህ ከችሎት ውጭ የተነገረ ቃል፣ የተነገረው ነገር እውነት መሆኑን ለማስረዳት ሲቀርብ በመርሕ ደረጃ አይቀበሉትም። ቃሉን የተናገረው ሰው አልማለም፤ ፊቱ አልታየም፤ ከሁሉም በላይ በመስቀለኛ ጥያቄ አልተፈተነም።

መርሑ ግን ድንጋይ አይደለም። ለካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ካን በሚባለው መዝገብ የሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሕፃን ጉዳይ ቀረበለት። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ለምን ይህን መናገር እንዳስፈለገኝ ቆይታችሁ ታያላችሁ።) ሕፃኗ ከሐኪም ክፍል ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ሐኪሙ ያደረገባትን ለእናቷ ነገረች። እናቲቱ ያንን ቃል ለችሎት ልትናገር ትችላለች ወይ? ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር ጠየቀ፤ ማስረጃው በዚህ መንገድ መቅረቡ አስፈላጊ ነው? ቃሉስ የሚታመን ነው? የዚያ ዕድሜ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከራሷ ልትፈጥር አትችልም፤ የምትዋሽበትም ምክንያት የላትም፤ ስለዚህ የእናቲቱ ቃል ሊሰማ ይገባ ነበር ተባለ።

ይህን ያነበበ ወጣት በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ይመስለዋል። በ2006 የተወሰነው የከላዎን መዝገብ ልክ ያስገባዋል። በአረጋውያን መኖሪያ ቤት የሚኖሩ አምስት ሰዎች ሥራ አስኪያጁ እንደደበደባቸው ተናግረው ነበር፤ ከፊሉ በቪዲዮ ተቀርጿል። ጉዳዩ ለክርክር እስኪደርስ አራቱ በሌላ ምክንያት ሞቱ፤ አምስተኛውም መመስከር ወደማይችልበት ሁኔታ ደረሰ። ለአስፈላጊነቱማ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን የሞተን ሰው ማንም ሊፈትነው አይችልም፣ በቃሉ ዙሪያ ያለው ሁኔታም ያንን ፈተና ሊተካ የሚችል አይደለም ብሎ ማስረጃውን አልተቀበለም። ያን ፍርድ ሳነብ የራሴን እናት አሰብኩና ተናደድኩ። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም። ነገር ግን ተከሳሹ የእኔ ልጅ ቢሆን ኖሮ ምን እል ነበር ብዬ ስጠይቅ መልሱ ይጠፋኛል።

አንድ ነገር ሳትደባልቁ ያዙ። «እገድልሃለሁ ሲለው ሰማሁ» የሚል ምስክር የስሚ ስሚ እያወራ አይደለም። እዚህ ላይ ዛቻው ራሱ ድርጊት ነው፤ ምስክሩም በገዛ ጆሮው ሰምቶታል። ወጣት ጠበቆች «ሰማሁ» የሚል ቃል በሰሙ ቁጥር ብድግ ብለው ሲቃወሙ አይቼ ብዙ ጊዜ ፈገግ ብያለሁ።

አሁን ወደ ሰዓቱና ወደ ዘመን አቆጣጠሩ ልመለስ። አንዲት የምግብ ቤት አስተናጋጅ ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ «ሁለት ሰዓት ላይ ነው» ብላለች፤ በስልክ የተረጎመላት ሰውም ሁለት ሰዓት ብሎ አስተላለፈ። ከዓመት በላይ ቆይታ ችሎት ስትቀርብ የአገሩን አቆጣጠር ለምዳው ስለነበር «ከምሽቱ ስምንት» አለች። የካናዳ የማስረጃ አዋጅ ምስክር ቀድሞ በሰጠው ቃል በመስቀለኛ ጥያቄ እንዲፈተን ይፈቅዳል፤ ተከላካይ ጠበቃውም የፖሊሱን ወረቀት አውጥቶ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አፋጠጣት። ስድስት ሰዓት ሙሉ እንዴት ይሳሳታል? ሴትዮዋ አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ምክንያቱን እያወቅሁ አፌን ዘግቻለሁ፤ አስተርጓሚ ምስክር አይደለምና። ደግነቱ ዓቃቤ ሕጉ በድጋሚ ጥያቄው «በአገራችሁ ሰዓት የሚቆጠረው ከየት ጀምሮ ነው?» አላት። እንባዋን ጠርጋ «ከንጋት» አለች። ለምስክርነት ብትጠሩ ቁጥሩን ብቻ አትናገሩ፤ ፀሐይ ገብታ ነበር ወይስ አልገባችም፣ መብራት በርቶ ነበር ወይ፣ እሱን ጨምሩበት።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ በአንድ የዕቁብ ክርክር ገጠመኝ። በኦንታሪዮ አነስተኛ ገንዘብ የሚጠየቅባቸው ክሶች በሚታዩበት ችሎት የማስረጃ ደንቡ ላላ ያለ ነው፤ የስሚ ስሚም ቢሆን ሊሰማ ይችላል። ከሳሹ ያቀረበው የዕቁቡ ጸሐፊ የያዘውን ሰማያዊ ደብተር ነበር። በእያንዳንዱ ዕጣ ቀን ማን እንደከፈለና ማን እንደወሰደ ተመዝግቦበታል። የተከሳሹ ወኪል ትርጉሙን ገልጦ «ጳጉሜን 3 የሚባል ቀን የለም፤ ደብተሩ የተፈበረከ ነው» አለ። ዳኛዋ ተከሳሹን ራሱን ዞር ብላ «እርስዎ ይህን ወር ያውቁታል?» አለችው። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ወለሉን ተመለከተ። ገንዘቡን እንዲከፍል ተወሰነበት።

በፍትሐ ብሔር ሚዛኑ ትንሽ ዘንበል ማለቱ ይበቃል፤ ነገሩ ካለመሆኑ ይልቅ መሆኑ ካመዘነ ከሳሽ ይረታል። ክሱ የቱንም ያህል ከባድ ነውር ቢያዝል ሌላ ሚዛን እንደሌለ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በማክዱጋል መዝገብ ቆርጦ ተናግሯል። በወንጀል ግን ዓቃቤ ሕግ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት፤ ይህም በ2000 በስታር መዝገብ እንደተባለው ሚዛን ከመድፋት ይልቅ ለፍጹም እርግጠኝነት የቀረበ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በወንጀል ነጻ ወጥቶ በዚያው ነገር ካሣ ሲከፍል ብታዩ ጉቦ ተበላ አትበሉ።

ምግብ ቤቶቻችን የተደረደሩበትን የዳንፎርዝ ጎዳና ታውቁታላችሁ። በኖቬምበር 2003 አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ እዚያው በግሪንዉድና በዳንፎርዝ አካባቢ፣ ግራንት የሚባል ጥቁር ወጣት በእግሩ ሲሄድ ፖሊስ አስቁሞ እጁን ከፊቱ እንዲያደርግ ነገረው። ሁለት ሌሎች ፖሊሶች ተጨመሩ። ወጣቱ ሲጠየቅ ሽጉጥ መያዙን ተናገረ። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ በቂ ምክንያት ተይዟል፣ ጠበቃ የማግኘት መብቱም ተጥሷል አለ። ሽጉጡ ግን ማስረጃ ሆኖ እንዲቀር ፈቀደ። መብት ተጥሶ የተገኘ ማስረጃ በካናዳ ወዲያው አይጣልም። የፖሊሱ ጥፋት ምን ያህል ከባድ ነው፣ በተከሳሹ መብት ላይ ያደረሰው ጉዳት ምን ያህል ነው፣ ኅብረተሰቡስ ጉዳዩ በማስረጃ ተጣርቶ እንዲወሰን ያለው ፍላጎት ምን ያህል ነው፤ ሦስቱ አብረው ይመዘናሉ። በፊልም ያያችሁትን ይዛችሁ «መብቴን ስለጣሱ ክሱ ይሰረዛል» የምትሉ ካላችሁ፣ ይህን መዝገብ አንብቡት። ቦታውን ታውቁታላችሁ፤ ምሳ የምትበሉበት ነው።

ስለ ይቅርታም ላንሣ። የእኛ ሰው መኪና ሲገጭ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ይቅርታ ነው፤ ጥፋቱ የሌላው ቢሆንም እንኳ። ኦንታሪዮ በ2009 ባወጣችው ሕግ ይቅርታ መጠየቅ በፍትሐ ብሔር ክርክር ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም። የወንጀል ችሎት ግን በዚህ ሕግ አይሸፈንም፤ ለባለቤትህ በስልክ የጻፍከው «ይቅር በዪኝ፣ ሁለተኛ እጄን አላነሣም» የሚል መልእክት ችሎት ላይ ጮክ ብሎ ሊነበብ ይችላል። አንብቤውም አውቃለሁ። የዋስትና ወረቀቱ «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ አትገናኝ» ካለ ደግሞ ሽማግሌ መላክ ራሱ ሌላ ወንጀል ነው። አንድ አባት ሦስት ሽማግሌ ልኮ ተመልሶ ሲታሰር፣ ሽማግሌዎቹ ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ተቀምጠው «ማስታረቅ መቼ ጀምሮ ነው ጥፋት የሆነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ይህን ጥያቄ ለእናንተ አስተላልፌአለሁ።

መማል ነውር የሚመስላቸው እናቶች ካጋጠሟችሁ አትጨነቁ፤ ሕጉ ከመሐላ እኩል የሚጸና የማረጋገጫ ቃል አለው።

ለአስተርጓሚነት የምታስቡ የትራንን መዝገብ አጥኑ። ቬትናማዊው ተከሳሽ የተመደበለት አስተርጓሚ ራሱ የመከላከያ ምስክር ሆኖ ቀረበ፤ የተናገረውንም ለተከሳሹ ባጭር ባጭሩ ነገረው። በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካናዳ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር የሰጠው የአስተርጓሚ መብት ተጥሷል ብሎ ክርክሩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። ትርጉም ያልተቆራረጠ፣ ትክክለኛ፣ የማያዳላ፣ ብቃት ያለውና ንግግሩ እየተካሄደ የሚሰጥ ይሁን አለ። እኔ «አሉ»ን የዋጥኩት ከአምስቱ በሁለተኛው ወድቄ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት የሰሜን ሸዋ እናት ስትመሰክር ጠበቃው «ልጁን በዓይንዎ አይተውታል?» አላት። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «እህ» አለች፤ እኛ አዎን የምንልበት ትንፋሽ ነው። ጠበቃው አሟት መስሎት ውኃ ሊቀዳላት ተነሣ። የድምፅ መቅጃው ምንም አልያዘም። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «ምስክሯ መልስ ሰጥታለች?» አሉ። መልሱ ከአፌ ሊወጣ ምንም አልቀረው። «አስተርጓሚው ምስክሯ መልሷን በቃል እንድትሰጥ ይጠይቃል» አልኩ። እሷም እኔን እንደ ጅል እያየች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አዎ፣ አይቼዋለሁ አልኩ እኮ!» አለች።