ከፍ ያሉት መስኮቶች አላባቸው እንጂ አላፈሰሱም

የአንድ ቤተ ክርስቲያን የሕንፃ ኮሚቴ አባል እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል። «ከወለሉ 6 ሜትር ከፍ ብለው የተሠሩ 12 መስኮቶች አሉን። ፍሬማቸው አሉሚኒየም ነው፤ መስታወታቸው ነጠላ። በብርድ ወራት 200 ያህል ሰው ተሰብስቦ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወንበሮቹ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳ። ሁለት ጊዜ በሲሊኮን አስደፈንናቸው፤ ጭራሽ ባሰባቸው። አዳራሹን የምናሞቀው በጋዝ ማሞቂያ ነው። አሁን ኮሚቴው በብሎኬት ይዘጉ እያለ ነው። ምን ይሻላል?»

እባክዎ አያስዘጓቸው። የመሐል አዳራሹ ብርሃን የሚመጣው ከእነሱ ነው፤ አንዴ በብሎኬት ከተዘጉ ተመልሶ የሚከፍታቸው አይገኝም። ደግሞ ጥፋቱ የመስኮቶቹ አይደለም።

መልሱ ራስዎ በጻፉት ውስጥ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ውሃ ከወረደ፣ ውሃው ከውጭ አልመጣም። ከውስጥ ነው የመጣው። መስታወቱ አልቦት ነው።

እንዴት መሰልዎ? አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ በትንፋሹና በላቡ በሰዓት 50 ግራም ገደማ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። በ200 ሰው ሲባዛ በሰዓት 10 ሊትር ነው። የሁለት ሰዓት ጉባኤ ማለት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ አየር ላይ ተንሳፈፈ ማለት ነው። የጋዝ ማሞቂያው ጭስ ማውጫ ከሌለው የባሰ ነው፤ 1 ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ የውሃ እንፋሎት ይወጣዋል። ይህ ሁሉ እርጥብና ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። እላይ ምን ይጠብቀዋል? ቀዝቃዛ መስታወት።

የአዳራሹ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ነው እንበል። እንዲህ ያለ አየር 12 ዲግሪ ላይ ጤዛ መጣል ይጀምራል። ውጭ 5 ዲግሪ ከሆነ የነጠላ መስታወት የውስጥ ገጽ ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ማላቡ አይቀርም። ድርብ መስታወት ቢሆን ኖሮ ገጹ 14 ዲግሪ አካባቢ ይቆይ ነበር፤ ያን ጊዜ ደረቅ ነው።

ታዲያ ሲሊኮኑ ለምን አባሰው? የአሉሚኒየም ፍሬም ከታች በኩል ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉት። ብዙ ሰው ሲያያቸው ስህተት ይመስሉታል። ደፋኙም ከውጭ በኩል እነሱን አብሮ ሳይደፍናቸው አልቀረም። ፍሬሙ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈሳል። ከእርስዎ ጋር የማዝነው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብ ከፍላችሁ ያገኛችሁት ጉዳት ነው።

ከፍ ያለ መስኮት ከጥንትም ለብርሃን ብቻ አልነበረም። በግብፅ፣ ካርናክ በተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ያለው ባለ 134 ዓምድ አዳራሽ መሐሉ ላይ 12 ረጃጅም ዓምዶች አሉት። የመሐሉ ጣሪያ ከጎንና ከጎኑ ካለው ከፍ ስለሚል፣ በመካከል የተረፈውን ቦታ በድንጋይ ወንፊት ሞልተውታል። ብርሃኑ በዚያ ይገባል፤ አየሩም ያልፍበታል። የእናንተ መስኮቶች ሥራቸውን በግማሽ እንዲሠሩ ነው የተደረጉት። ብርሃኑን ያስገባሉ፤ አየሩን ግን አያስወጡም።

እንግዲህ ሥራውን ከርካሹ ይጀምሩ። ጭስ ማውጫ የሌለውን ማሞቂያ ያቁሙት፤ ማሞቅ ካለባችሁ በኤሌክትሪክ፣ ወይም ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ በሚወጣ ማሞቂያ ይሁን። ለጤናም ቢሆን ይህ ይሻላል። ቀጥሎ ከፍሬሙ ግርጌ ያለውን ሲሊኮን በስለት አስቆርጠው ቀዳዳዎቹን ያስከፍቱ። 6 ሜትር ላይ በመሰላል ተንጠላጥሎ ስለት መያዝ አይሆንም፤ በደንብ የቆመ መወጣጫ ያስፈልጋል።

ዋናው መድኃኒት ግን አየሩን ማስወጣት ነው። ከ12ቱ 4ቱን፣ ከየጎኑ ሁለት ሁለት፣ የሚከፈቱ ያድርጓቸው። ማጠፊያቸው ከላይ ሆኖ ከታች ወደ ውጭ የሚገፉ ይሁኑ፤ እንዲህ ከሆኑ ዝናብ እየጣለም በትንሹ ሊከፈቱ ይችላሉ። ከወለል ሆኖ በሰንሰለት ወይም በረጅም ዘንግ የሚሠራ መክፈቻ ይግጠሙላቸው። መሰላል የሚያስፈልገው መስኮት ማንም አይከፍተውም፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። አየር ከላይ እንዲወጣ ከታች መግባት አለበት፤ ስለዚህ ከታችም በስፋት የሚመጣጠን ክፍተት ይኑር። ጉባኤው ሲጀመር ይከፈቱ፤ ሰው ከወጣ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ክፍት ይቆዩ። ትንሽ ይበርዳል፤ ግን ወንበሩ ይደርቃል።

አቅም ሲገኝ ድርብ መስታወት ያስገቡ። እስከዚያው በውስጥ በኩል ከመስታወቱ ሥር ቀጭን አሸንዳ አስገጥመው፣ ጫፉን በትንሽ ቱቦ ወደ ውጭ ቢያወጡት ጠብታው ሰው ላይ አይወርድም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በዝናብ ቀን ብቻ የሚንጠባጠብ መስኮት ከቀረ፣ እሱ በእርግጥ ያፈሳል። ያን ጊዜ ሰው በሌለበት፣ መስታወቱ ደረቅ ሆኖ ሳለ፣ ከውጭ በጎማ ውሃ ይርጩበት። ከመስኮቱ በታች ካለው የጣሪያና የግድግዳ መገናኛ ይጀምሩ፤ 10 ደቂቃ ቆይተው ወደ ደፉ፣ ከዚያ ወደ ጎኖቹ፣ መጨረሻ ወደ ላይኛው ጠርዝ ይውጡ። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ይመልከት። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥበው የገባበትን አያገኙትም። ሲሊኮን የሚያስፈልገው ያኔ የተገኘችው ስንጥቅ ብቻ ናት፤ የታችኞቹን ቀዳዳዎች ግን ማንም እንዳይነካቸው።