ከሻንሲው ጀምሩ፦ ስለ አሮጌ ፎርዊል ቶዮታ ፒካፕና ጣሪያው ስለሚነሳ ካምፐር ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት የ1984 ፎርዊል ቶዮታ ፒካፔን ጀርባዋ ላይ ከተጫነው ጣሪያው የሚነሳ ካምፐር (የመንገድ ማደሪያ ቤት) ጋር ፎቶግራፍ አንስቼ ካሳየሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ዛሬ እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። መኪናዋን ያደስኳት እዚህ ኮሎራዶ ነው፤ ሦስት ክረምት ፈጅታለች። ሙያውን የጀመርኩት ግን በልጅነቴ አዲስ አበባ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ። ካምፐሩን ጭናችሁ ሚዛን ላይ ሳትወጡ ረጅም መንገድ አትሂዱ። የጋዝ መስመሩን በሳሙና ውሃ ሳትፈትሹ ምድጃ አትለኩሱ።

ከአውሮራ፦ ጋሼ፣ የ1982 ፎርዊል ቶዮታ ከነካምፐሩ ገዛሁ። ሞተሯ ጥሩ ነው፣ ቀለሟ ግን ደብዝዟል። የቱን ዓይነት ቀለም ይመክሩኛል?

መልስ፦ ቀለሙን ለጊዜው ተወው። መኪናህ በየክረምቱ መንገዱ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር 40 ዓመት ኖራለች። ሻንሲዋ፣ ማለትም ሁሉን የሚሸከመው የሥር አጽሟ፣ እንደ ሣጥን የተዘጋ ብረት ነው፤ ጭቃና ጨው በቀዳዳዎቹ ይገቡና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሉታል። ከውጭ ስታየው ጥቁርና ጤነኛ ይመስላል።

መኪናዋን በክሪክ አንሳና በቋሚ መደገፊያ ላይ አስቀምጣት። ክሪክ ብቻ ባነሳው መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ከዚያ በጀርባህ ተኛ፣ ትንሽ መዶሻ ያዝ፣ ከፊት ጀምረህ በየስንዝሩ አንኳኳ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የተበላው እንደ ረጠበ ካርቶን ዱብ ይላል። ሻንሲው ከኋላ አክሰል በላይ በሚጎብጥበት ቦታና የባሌስትራ መያዣዎቹ በተበየዱበት ዙሪያ ጊዜ ውሰድ። ድምፁ ዱብ ያለበትን ሁሉ በካቻቢቴ ጠንክረህ ውጋ። ውጤቱን ይዘህ ተመለስ፤ ስለ ቀለም ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ከሲያትል፦ የእኔ የ1986 ነው። የፊት አክሰሉ በፎቶግራፉ ላይ ካየሁት የተለየ ነው። ሰዎች ደግሞ «የ85ቱን ነበር መግዛት የነበረብሽ» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አሜሪካ የተሸጡት እስከ 1985 ሞዴል ድረስ የፊት አክሰላቸው ወጥ ነው፣ ባሌስትራ ላይ ይቀመጣል። ከ1986 ጀምሮ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ድንጋይ ለመውጣት የቀድሞው ይመረጣል፤ አስፋልት ላይ ያንቺ ይመቻል። ካምፐር ለመጫን ሁለቱም ይሆናሉ። የእኔ እጅ የለመደው ወጡን አክሰል ስለሆነ፣ ያንቺን በዚያው ሞዴል ላይ ለሚሠራ ባለሙያ አሳዪ።

ከአትላንታ፦ በፊት ቀኝ ጎማዬ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቅባት ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ነው ብለውኛል።

መልስ፦ አሽትተኸዋል? የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ የነካውን ቀለም ይልጣል። ያንተ ወፍራም፣ ጥቁርና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የዲፈረንሻል (በአክሰሉ ላይ ያለው የማርሽ ቤት) ዘይት ነው። ይህን ጉዳይ በደንብ ላስረዳ፤ እነዚህን መኪኖች ያለ ዕድሜያቸው የሚገድላቸው እሱ ነው።

በወጡ አክሰል ጫፍና ጫፍ ላይ አንድ አንድ የብረት ድቡልቡል አለ። መሪ ስትጠመዝዝ ጎማው የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ነው። በውስጡ ጉልበት ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ በግሪስ ተሞልቶ ይሠራል። የዲፈረንሻሉን ዘይት ከዚህ ግሪስ የሚለየው በአክሰሉ አፍ ላይ ያለ አንድ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ ቀለበት) ብቻ ነው። እሱ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ድቡልቡሉ ይገባል፣ ግሪሱን አቅጥኖ ሾርባ ያደርገዋል፣ ከዚያ በውጭ በኩል ወደ ጎማው ይወርዳል። ብዙ ሰው የወረደውን በጨርቅ ጠርጎ ይሄዳል። ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች ግን በደረቁ እየተፋጩ ነው።

ስትፈታው ሦስት ነገር አስተውል። አንደኛ፣ የጎማው ማዕከል ትልቅ ዳዶ 54 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛውን ቁልፍ ግዛ። በመሮና በመዶሻ እየመቱ መፍታት በብዙ ጋራዥ የተለመደ ነው፤ እኔም በልጅነቴ ሲሠራበት አይቻለሁ። ከእኔ በፊት ይህችን መኪና የሠራ ጋራዥም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ከተራራ ስወርድ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ማዕከሉ ላይ ውሃ ጠብ ባደርግበት ጢስ ብሎ ተነነ። ቤት ስፈታው ከዳዶው የተሰነጠረ እንደ ጥፍር ቁራጭ ያለ ብረት ኩሽኔታው ውስጥ ገብቷል፤ የኩሽኔታው ጥርሶች ከሙቀት የተነሳ ሰማያዊ ሆነዋል። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ አልለዝብም፤ መሮውን አስቀምጡት።

ሁለተኛ፣ ከላይና ከታች ባሉት ኩሽኔታዎች ላይ እንደ ወረቀት የሳሱ የብረት ንጣፎች አሉ። የግራውን ከቀኙ፣ የላዩን ከታቹ ሳታቀላቅል በሽቦ አስረህ ጻፍበት። ድቡልቡሉን የሚያቅፈው የጎማ መያዣ በአክሰሉ መሐል በትክክል የሚቀመጠው በእነሱ ነው። እነሱን ካዛባህ አዲሱ ኦይል ሲል ባልተስተካከለ ቦታ ላይ እየተፋጨ እንደገና ያፈሳል።

ሦስተኛ፣ ስትገጥም ጥብቀቱን በግምት አትተው። መንጠቆ ያለው የስፕሪንግ ሚዛን መሪው በሚታሰርበት ቀዳዳ አስገብተህ ሳብ፤ የጎማ መያዣው መዞር ሲጀምር ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የፋብሪካው መመሪያ ከሚለው ጋር መስማማት አለበት። ይህን የምትለካው ድቡልቡሉን ከውጭ የሚጠርገውን የላስቲክ መጥረጊያ ሳታስር ነው፤ አለበለዚያ የምትለካው የመጥረጊያውን ጥብቀት ነው።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ የእኔም የፊት ጎማ ዘይት ያፈሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ ለአትላንታው የጻፍኩትን አንብብ።

ከለንደን፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ላንድሮቨር ብትገዙ ኖሮ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት የሚባል ነገር አያውቀውም። የእኔ ዶርሞቢል ነው፤ ማርቲን ዋልተር የተባለው የፎክስተን ኩባንያ ጣሪያውን የሠራለት። ጣሪያው በጎን ይከፈታል፣ ቀይና ነጭ ሸራው ዛሬም ያምራል።

ከዋሽንግተን፦ አካሉ አይዝግም፣ ሻንሲው ግን ብረት ነው። የላንድሮቨር የኋላ ማገር ስንቴ ነው የሚበየደው? አባቴ ጅማ መንገድ ላይ የኋላ ሻፍቱ ተሰብሮበት ሁለት ቀን ቆሟል።

ከለንደን፦ በዚያ ዘመን ጅማ መንገድ የገባው እኮ ላንድሮቨር ስለነበረ ነው! አውቶሞቢል ቢሆን ከአዲስ አበባም አይወጣም።

ከዋሽንግተን፦ ገባ እንጂ አልወጣም።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ይበቃል። ላንድሮቨርን አከብራለሁ፤ እጄን ያፍታታሁት በእሱ ነው። ነገር ግን ካነሳችሁት አንድ ቁም ነገር ላንሳ። አሉሚኒየም ራሱ እንደ ብረት አይዝግም፤ ከብረት ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ግን ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል። የካምፐራችሁ አጽም አሉሚኒየም ከሆነ የቀድሞው ባለቤት የብረት ብሎን መትቶበት እንደሆነ ፈልጉ። በብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ብሎኑን አውጡና በማይዝግ ብረት ተኩ፤ ያም ቢሆን በማሸጊያ ተነክሮ ይግባ። ስለ ላንድሮቨር ሌላ ቀን እንነጋገራለን።

ከአዲስ አበባ፦ እንዲህ ያለውን ካምፐር ከአሜሪካ ማስመጣት ይቻላል? ቀረጡስ ስንት ነው?

መልስ፦ የቀረጥ ጥያቄ ለጉምሩክ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2024 መጀመሪያ መከልከሉን ታውቃለህ። እዚያው ያለ ሃይሉክስ ካለህ ግን ካምፐሩን የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ባለሙያዎችና ጎበዝ ሸራ ሰፊ ሊሠሩልህ ይችላሉ። የመኪናውን ዕቃ ደግሞ ሱማሌ ተራ ታገኛለህ።

ከጎባ፦ እኔ ባለ ካርቡራተር ቤንዚን ሃይሉክስ አለኝ። የባሌ ተራሮች አምባ ሰነቴ ላይ ስወጣ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ሞተሩ አልቆ ይሆን?

መልስ፦ አላለቀም። 4,000 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 60 ያህል ነው፤ ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ቆላ ያፈሰዋል። የጭሱ ጥቁረት ያልተቃጠለው ቤንዚን ነው። ኑሮህ ደጋ ከሆነ ዋናውን የነዳጅ ቀዳዳ አንድ ደረጃ ጠበብ ባለው አስቀይር፣ የአየር ማጣሪያውንም እይ። ወደ ቆላ ረጅም መንገድ ከመውረድህ በፊት ግን መልሰው፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ቆላ ላይ ይግላል።

ከሚኒያፖሊስ፦ መኪናዬ ትንገጫገጫለች። ምን ይሆን?

መልስ፦ የት? በስንት ፍጥነት? ባዶዋን ወይስ ተጭና? አስፋልት ላይ ወይስ ኮረኮንች? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የሚሰጥ ሰው ካለ ይዋሻችኋል።

ከሚኒያፖሊስ፦ ይቅርታ። አስፋልት ላይ ፎርዊል አስገብቼ ስታጠፍ ነው፤ መሪውም ይከብዳል።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ይህች መኪና በፊትና በኋላ አክሰል መካከል ፍጥነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል የላትም። ስትታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ወይም በረዶ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ያስተካክለዋል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ማርሾቹ ይጠማዘዛሉ። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎርዊል አታስገባ።

ከላስ ቬጋስ፦ የእኔ 22R ሞተር ጠዋት ስትነሳ ከፊት በኩል ትንኳኳለች፣ ስትሞቅ ትተዋለች። ብዙ ዓመት እንዲህ ናት፣ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ዛሬውኑ ተመልከተው። ከ1983 ጀምሮ ባሉት ሞተሮች የሞተሩን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰው ካቴና ባለ አንድ ረድፍ ነው፣ የሚመራውም በፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ሲሰበር ካቴናው እየተወዛወዘ የፊት ሽፋኑን ይጋዘዋል። ከሽፋኑ በስተጀርባ የሚዞረው የራዲያተር ውሃ ነው። ሽፋኑ የተበሳ ቀን ውሃው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መለኪያውን ሳብ፤ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ሞተሩን አታስነሳ። ካቴናውን ስትቀይር ጀርባው ብረት የሆነውን የካቴና መምሪያ ግጠም፣ ሽፋኑንም በጥፍርህ ዳስሰው፤ ቦይ ካለው አይመለስም።

ከዴንቨር፦ እኔ ደግሞ ስለ ካምፐሩ ልጠይቅ። ሸራው ተቀዷል፣ ወለሉም ፊት ለፊት ባሉት ጥጎች ሲረግጡት ይሰምጣል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አመሰግናለሁ። ውሃው ከላይ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ከላይ ጀምሪ። የጣሪያውን መተንፈሻና የጥግ መጋጠሚያዎች ፍቺ፣ አሮጌውን ማሸጊያ ሙልጭ አድርገሽ ፋቂ፣ ቡቲል የሚባለውን ተለጣፊ አንጥፊበት። ሲሊኮን አትጠቀሚ፤ ሲላቀቅ ሌላ ማሸጊያ እንዳይዝ አድርጎ ነው የሚላቀቀው። ከዚያ በኋላ ወለሉን ለመርከብ በሚሠራ ኮምፖንሳቶ ቀይሪ።

አሮጌውን ሸራ አትጣዪ። የተመታበትን ስቴፕል አንድ በአንድ ነቅለሽ ሙሉውን አውርጂ፣ ለሸራ ሰፊው ልክ የሚሆነው እሱ ነው። እኔ የእኔን ሳወርድ በአንደኛው እጥፋት ውስጥ የቀድሞው ባለቤት በእርሳስ የጻፈውን አገኘሁ፦ «እርጥብ እንዳለ አትዝጋ»። እውነቱን ነው፤ ዝናብ ላይ ዘግታችሁ ብትነዱ ቤት ስትደርሱ ክፈቱና አድርቁት፣ አለበለዚያ በሳምንት ይሻግታል።

የካምፐሩ ማሰሪያዎች ደግሞ የፒካፑን ወለል በስተው የሚታሰሩ ቀለበቶች ናቸው። ወለሉ ስስ ላሜራ ስለሆነ ከሥር ሰፋ ያለ የብረት ሰሌዳ ካልተደረገለት ቀለበቱ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። መጀመሪያ ጭነሽ ስትሄጂ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሚና አጥብቂ፤ ሁሌም ይላላሉ።

ከፍራንክፈርት፦ ምድጃውና ማሞቂያው አሮጌ ናቸው፣ ይሠራሉ። ልቀይራቸው?

መልስ፦ በሳሙና ውሃ ፈትሸሃል? አረፋ ካወጣ መስመሩን በሙሉ ቀይር። የካምፐር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፤ ጠቋሚውን ወለል አጠገብ ስቀል። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ሌላ ጠቋሚ ያስፈልጋል። ሸራ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ በብርድ ሌሊት መስኮቱን ሁሉ ዘግታችሁ ነው የምትተኙት።

ከቶሮንቶ፦ እኔ ያለኝ ካምፐር ቀላል ነው፣ መመዘን ያስፈልገዋል?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ። የእኔ ባዶውን 390 ኪሎ ነው። 75 ሊትር ውሃ 75 ኪሎ፣ ሁለት ሰው 140፣ ጋዝ፣ ባትሪ፣ ፍሪጅ፣ ምግብ፣ ትርፍ ጎማ። የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ስወጣ ከ700 ኪሎ በላይ ጭኜ አገኘሁት። በበሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብብ፣ የፊትና የኋላ አክሰልን ለየብቻ አስመዝን። የካምፐሩ የክብደት መሐል ከኋላ አክሰል በስተፊት ካልሆነ መሪው ይቀላል፣ ፍሬኑም ይከዳል። ጠንካራ ባሌስትራ መጨመር መኪናዋን ቀጥ ያደርጋታል እንጂ የተፈቀደላትን ክብደት አይጨምርም።

ከአውሮራ፦ ጋሼ፣ ተመለስኩ። እንዳሉኝ አንኳኳሁ። ግራው ይጮኻል። ቀኙ ከኋላ ባሌስትራ መያዣ በላይ ዱብ አለ፤ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ቀዳዳው ሁለት ጣት ያህላል፣ ውስጡም ደረቅ ጭቃ ነው።

መልስ፦ በጊዜ አገኘኸው። አሁን እንዲህ አድርግ። ካምፐሩን ዛሬውኑ አውርድ፤ ቀኑን ሙሉ ካምፐር ተሸክማ አትቁም። ጭቃውን በውሃ ግፊት አጥበህ አውጣና ሁለት ቀን አድርቀው። ከዚያ ከቀዳዳው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየወጋህ ጤነኛ ብረት እስክታገኝ ሂድ፣ ርቀቱን በሜትር ለካ፣ በኖራ ምልክት አድርግ። በላዩ ላይ ላሜራ የሚለጥፍ በያጅ ካገኘህ እምቢ በል፤ የተበላው ተቆርጦ በዚያው ውፍረት ነው የሚተካው። ልኩንና ፎቶግራፉን ማክሰኞ ላክልኝ፣ ቅዳሜ መጥቼ አብረን እናየዋለን።